ከተጣለ ዕቃ የተገኘ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ከፊላዴልፊያ ከተማ በስተ ሰሜን፣ በምሥራቅ በኩል የደላዌርን ወንዝ ወሰኑ አድርጎ የተዘረጋ ባክስ የሚባል አውራጃ አለ። አገሩ ኮረብታና ሸለቆ የተፈራረቀበት፣ የጥንቱ ገበሬ ቤትም በድንጋይ የተሠራ ነው። ይህ አውራጃ ዊልያም ፔን የተባለው እንግሊዛዊ በ1682 ዓ.ም. ካቋቋማቸው ከሦስቱ የመጀመሪያ አውራጃዎች አንዱ ሲሆን፣ ስሙም በእንግሊዝ አገር ካለው ከባኪንግሃምሻየር አጥሮ የተወሰደ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንለምናለን።

እኛ ወደዚህ አውራጃ የሄድነው የዛፉ ቅጠል ሁሉ ቢጫና ቀይ በሆነበት በመጸው ወራት ነው። በፊላዴልፊያ የሚኖረው የእኅታችን ልጅ፣ ዐሥር ዓመት የሆነውን ልጁን ይዞ አብሮን መጣ። ከፊላዴልፊያ የሚነሣው ባቡር ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ መንገዱን የሚጨርሰው ዶይልስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ እርስዋም ከ1813 ዓ.ም. ጀምሮ የአውራጃው መቀመጫ ናት። ከባቡሩ ወርዶ ጥቂት በእግሩ የተጓዘ ሰው፣ ከቤቶቹ ጣራ በላይ ከፍ ብሎ የቆመ፣ ግንቡ ግራጫ የሆነ፣ ጣራው የሾለ አንድ ትልቅ ሕንፃ ያያል። መጀመሪያ ሲያዩት የጥንት ንጉሥ ቤተ መንግሥት ይመስላል። ነገር ግን በውስጡ ንጉሥ ኖሮበት አያውቅም፤ የሚኖርበት የገበሬ ማረሻ፣ የአናጢ መላጊያ፣ የሸማኔ መወርወሪያ ነው።

ይህን ቤት የሚያስተዳድረው የባክስ አውራጃ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበር የሚለው ቃል ለእኛ አገር ሰው በየወሩ የሚዞረውን ጽዋ፣ ጠላውንና ዳቦውን፣ ተሰብስቦ የሚጨዋወተውን ጎረቤት ያሳስበዋል። የእነዚህም ሰዎች ነገር ከዚያ እጅግ የራቀ አይደለም። ማኅበሩ በ1880 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዊልያም ዴቪስ ነበሩ፤ እርሳቸውም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ያገለገሉ ጄኔራል ሲሆኑ፣ በ1876 ዓ.ም. የአውራጃውን ታሪክ በመጽሐፍ አውጥተው ነበር። ማኅበርተኞቹ በየጊዜው እየተገናኙ፣ አንዱ ስለ አሮጌ ወፍጮ ቤት፣ ሌላው ስለ መንደሩ ስም አመጣጥ፣ ሌላውም ከሽማግሌዎች ስለ ሰማው ነገር የጻፈውን ያነብ ነበር፤ የተነበበውም ተሰብስቦ በመጽሐፍ እየታተመ ወጣ። በእኛ ማኅበር ጽዋው ከቤት ወደ ቤት እንደሚዞር፣ በእነርሱም ዘንድ ታሪኩ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከጆሮም ወደ ወረቀት ይዞር ነበር ማለት ነው።

ይህን ማኅበር በሩቅ ያስታወቀው ግን ሄንሪ ቻፕማን መርሰር የተባለው ሰው ነው። መርሰር በ1856 ዓ.ም. በዚችው በዶይልስታውን ተወለደ። በሃርቫርድ ተማረ፤ ቀጥሎም ሕግ አጠና፤ ዳሩ ግን በጥብቅና አልሠራበትም። ልቡ ያዘነበለው መሬት ቆፍሮ የጥንቱን ሰው አኗኗር ወደ መመርመር ስለ ነበረ፣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር የዚህ ክፍል ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። የአውራጃው ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሆን፣ ዕድሜው ገና ሃያ አራት ዓመት ነበር።

በ1897 ዓ.ም. አንድ ቀን መርሰር ለአሮጌ ምድጃ የሚሆን የእሳት ጉጠት ፍለጋ ወደ አንድ ሰው ግቢ ሄደ። የግቢው ባለቤት በእኛ ከተማ በየሰፈሩ እየዞረ «ቁራሌው!» እያለ እንደሚጣራው ሰው ያለ ነበር፤ የገበሬ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ ማንም ያልፈለገውን ትርፍራፊ በሳንቲም እየገዛ ያከማች ነበር። በዚያም ግቢ ውስጥ የመፍተያ መንኮራኩር፣ ከገለባ የተሠራ የንብ ቀፎ፣ የጨው ሣጥን፣ የገመድ መግመጃ፣ ገበሬውን ከእርሻ ለምሳ የሚጠሩበት የቆርቆሮ መለከት ተደራርቦ አየ። በጥቂት አሠርት ዓመታት ውስጥ ፋብሪካ ሁሉንም ነገር በርካሽ ስለ ሠራ፣ አያቶች ቤት የመሠረቱበት መሣሪያ በልጅ ልጆች ዘመን ለማገዶ ቀርቦ ነበር። መርሰር ያን ጊዜ አንድ ነገር ተገለጠለት። ዓመታት ሙሉ ከመሬት በታች እየቆፈረ ይፈልገው የነበረውን የሰው ልጅ ታሪክ፣ ከመሬት በላይ ተከምሮ፣ ዝናብ እየመታው አገኘው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በገበሬዎች ጎተራና ቆጥ፣ በሐራጅ ቦታና በአሮጌ ዕቃ ግቢ እየተዘዋወረ ይሰበስብ ጀመር። በዚያው በ1897 ዓ.ም. የሰበሰበውን ለሕዝብ አሳየ፤ ለትርኢቱም «አገር ሠሪው የሠራባቸው መሣሪያዎች» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጠው። ሐሳቡም ይህ ነበር፤ የታሪክ መጻሕፍት ስለ መሪዎችና ስለ ጦርነት፣ ስለ ሕግና ስለ ምክር ቤት ብዙ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ጫካውን የመነጠረው መጥረቢያ፣ ሕዝቡን የመገበው ማረሻ፣ ያለበሰው እንዝርት ነው። የእነዚህን ነገር የማያውቅ ሰው የአገሩን ስም ያውቅ ይሆናል እንጂ የአገሩን ኑሮ አያውቅም።

የተሰበሰበው ዕቃ እየበዛ ሲሄድ ማስቀመጫ ቤት አስፈለገ። መርሰር ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው እሳትን ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. የቦስተን ከተማ በተቃጠለች ጊዜ የአክስቱ ንብረት የነበረው የጥንት የጦር ልብስ በእሳቱ ጠፍቷልና። በእኛም አገር ስንት የብራና መጽሐፍ በእሳት እንደ ወደመ የሚያውቅ ሰው በዚህ ፍርሃት አይስቅበትም። ስለዚህ ከ1913 እስከ 1916 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ይህን ሕንፃ በአርማታ ሠራው። ከዚያም አስቀድሞ፣ ከ1908 እስከ 1912 ዓ.ም.፣ ፎንትሂል የሚባለውን የራሱን መኖሪያ ቤት ከጥቂት ሠራተኞችና ሉሲ ከምትባል አንዲት ፈረስ ጋር በዚሁ ዓይነት ሠርቶ ነበር። ያ ቤት በተጨረሰ ጊዜ፣ እሳት እንደማይበላው ለማስረዳት በጣራው ላይ ደመራ የሚያህል እሳት አነደደ ይባላል። ለዕቃ ቤቱም እሳትን ስለ ፈራ ማሞቂያ አላደረገለትም። እኛም በአሮጌው ክፍል ውስጥ የተዘዋወርነው ካፖርታችንን ሳናወልቅ ነው።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀና ብሎ ማየት ነው። የሕንፃው መካከል ከታች እስከ ላይ ክፍት ሲሆን፣ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ዕቃው ሁሉ ተንጠልጥሏል፤ የዓሣ ነባሪ ማደኛ ጀልባ፣ ኮኔስቶጋ የሚባለው በፈረሶች የሚሳብ ትልቅ የጭነት ሠረገላ፣ የእሳት ማጥፊያ ጋሪ፣ ወንበር፣ ቅርጫት፣ የሕፃን አልጋ። ይህ ቦታ ለማብቃቃት ብቻ የተደረገ አይመስለንም፤ ሰው ዘወትር ከእግሩ ሥር የሚያየውን ነገር ከራሱ በላይ ባየው ጊዜ እንደ አዲስ ያስተውለዋልና። በዙሪያው ባሉት ክፍሎች ደግሞ ከ50 የሚበልጡ የእጅ ሙያዎች፣ እያንዳንዱ ከነመሣሪያው፣ ተለይተው ተቀምጠዋል። አናጢው፣ ብረት ሠሪው፣ ቆዳ አልፊው፣ ጫማ ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሰዓት ሠሪው፣ ሻማ ሠሪው ሁሉ የየራሱ ስፍራ አለው።

በእነዚህ ክፍሎች ፊት ስናልፍ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለን። በእኛ አገር እነዚህ ሙያዎች ብዙ ዘመን በምን ስም ይጠሩ እንደ ነበር የማያስታውስ የለም። ብረት የሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የሠራችውን ቡዳ ስንል ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጁን በሙያው የሚሰድበውን ሰው የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ያለ ምክንያት አይደለም። የሚበላበትን ሸክላ የሠራችለትን ሰው የናቀ ሕዝብ፣ የሸክላዋን ታሪክ ሊጽፍ አይችልም፤ ሸክላው ሲሰበር ታሪኩ አብሮ ይጣላል። የዶይልስታውን ቤተ መዘክር አስቀድሞ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ ለዕቃው ክብር የሚሰጥ፣ መጀመሪያ ለሠራው እጅ ክብር የሰጠ ሰው ነው።

በእርሻ መሣሪያዎች ክፍል ስንደርስ ሕፃኑ ከአንድ ዕቃ ፊት ቆመና «ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። ዕቃው ከእንጨት የተሠራ፣ እጀታው ረጅም፣ ጫፉ እንደ ጣት የተከፋፈለ ነበር። «መንሽ ነው፤ ዐውድማ ላይ ገለባውን ወደ ላይ እያነሡ ከእህሉ የሚለዩበት ነው» አልነው። አባቱ ይህን ሲሰማ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «መንሽ! አጎቴ፣ ስሙ እኮ ጠፍቶኝ ነበር» አለ። ይህ ሰው የገጠር ልጅ ነው፤ በልጅነቱ መንሽ ይዞ በዐውድማ ላይ ሠርቷል። ዕቃውን ከሩቅ ሲያየው እጁ ያውቀዋል፤ ቃሉ ግን ከአፉ ከራቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የልጁም አፍ ከዚያች ቀን በፊት ቃሉን ጨርሶ አላወቀውም። ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ በሦስት ደቂቃ ውስጥ በዓይናችን አየነው።

መርሰርም የአገሩ ገበሬ መሣሪያ ከሌላው ዓለም መሣሪያ ጋር እጅግ እንደሚቀራረብ ተመልክቶ ነበር። ስለዚህ ሩዶልፍ ሆመል የተባለውን ሰው ወደ ቻይና አገር ላከው፤ ሆመልም የቻይናን ገበሬና ባለ እጅ ከነመሣሪያው ፎቶግራፍ እያነሣ መዘገበ። መርሰር በ1930 ዓ.ም. ስለ ሞተ የሆመልን መጽሐፍ አላየም፤ መጽሐፉ የታተመው በ1937 ዓ.ም. ነው። ነገሩ ግን የተረጋገጠ ሆነ። ባሕር ያለያያቸውን፣ ቋንቋ ያላገናኛቸውን ሕዝቦች መዶሻና መጋዝ፣ ማጭድና መንሽ ዘመድ ያደርጋቸዋል።

የመሣሪያ ነገር ከታላላቁ ታሪክ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ደግሞ ይህ አውራጃ መልካም ምሳሌ አለው። የባክስን ስም የሚያነሣ ሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው፣ ጄኔራል ጆርጅ ዋሽንግተን በ1776 ዓ.ም. ዲሴምበር 25 ቀን ሌሊት 2,400 ያህል ወታደሮች ይዞ፣ በረዶ የሚንሳፈፍበትን የደላዌርን ወንዝ ከዚህ ዳር ተሻግሮ በትሬንተን ድል ማድረጉን ነው። ያን ሌሊት ሠራዊቱን ካሻገሩት መካከል ዱርሃም የሚባሉት ረጃጅም ጀልባዎች ነበሩ። ስማቸው በአውራጃው ሰሜን በ1727 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከዱርሃም የብረት ማቅለጫ የመጣ ሲሆን፣ ለጭነት የተሠሩ የነጋዴ ጀልባዎች ናቸው። የጄኔራሉን ስም ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ጀልባውን ያነጸው አናጢ ግን ስሙ አይነሣም። የአውራጃው ታሪክ ማኅበር ሥራ፣ ከታላቁ ስም አጠገብ ጀልባውንም ማቆም ነው።

ለክርስቲያን ቤተ ሰብ ይበልጥ የሚጥም ሌላም ነገር አየን። በ18ኛው መቶ ዓመት ከጀርመን አገር የመጡት ሰፋሪዎች ቤታቸውን የሚያሞቁት ከብረት ሰሌዳዎች በተገጣጠመ ምድጃ ነበር፤ በሰሌዳዎቹም ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በቅርጽ ይወጣባቸው ነበር። አዳምና ሔዋን፣ ቃየልና አቤል፣ ዮሴፍ ከጲጥፋራ ሚስት ሲሸሽ፣ ኤልሳዕ የመበለቲቱን ዘይት ሲያበዛ፣ የቃና ሠርግ፣ ይህ ሁሉ በቀለጠ ብረት ተሥሏል። ማንበብ የማይችለው ልጅ በክረምት እጁን እያሞቀ መጽሐፉን በዓይኑ ያነብ ነበር ማለት ነው። በኋላ ዘመን አዲስ ምድጃ ሲመጣ እነዚህ ሰሌዳዎች ተፈትተው፣ አንዳንዱ የእሳት ቦታ ንጣፍ፣ አንዳንዱም የውሃ መውረጃ ክዳን ሆኖ ተገኘ። መርሰር እየለቀመ አሰባሰባቸው፤ ትርጉማቸውንም መርምሮ በ1914 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ። ቃና ዘገሊላ ከእግር በታች ተረግጦ ሲኖር አንሥቶ ያጸዳው ሰው፣ ቅርሱን ለሕዝቡ መለሰለት።

እስካሁን የተናገርነው በእጅ ስለሚዳሰሰው ነው። ነገር ግን ማኅበሩ የሚጠብቀው በአፍ የሚነገረውንም ነው፤ በዚህ ጊዜ ሥራው ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከወሬው መካከል አባቶችን የሚያስመሰግን አለ፤ የሚያሳፍርም አለ።

ከሚያሳፍረው ዋናው በ1737 ዓ.ም. የሆነው የመሬት ነገር ነው። አገሩ አስቀድሞ የሌናፔ ሕዝብ ነበር። ዊልያም ፔን ከእነርሱ ጋር በሰላም በመኖሩ ይመሰገናል፤ ከሞተ በኋላ ግን ልጆቹና እንደራሴያቸው በ1686 ዓ.ም. የተጻፈ ነው የሚሉትን ወረቀት አቀረቡ። ወረቀቱ፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን ተኩል በእግሩ የሚሄደውን ያህል መሬት ሌናፔዎች ሸጠዋል ይል ነበር። በእኛ አገር መሬት በቀላድ ሲለካ ገመዱን የሚጎትተው ሰው ማን እንደ ሆነ ባለ መሬቱ ተጨንቆ እንደሚያይ ሁሉ፣ እዚያም ነገሩ ያለው በሚሄደው ሰው እግር ላይ ነበር። ሌናፔዎች የጠበቁት የተለመደውን የመንገደኛ አካሄድ ነው። ሻጭ የተባሉት ይህን ሲያስቡ፣ ገዥዎቹ ግን መንገድ አስቀድመው አስጠርገው፣ ሦስት ፈጣን ሰዎች ቀጠሩ። ሴፕቴምበር 19 ቀን ንጋት ላይ ሦስቱ ራይትስታውን ከምትባል ስፍራ ተነሡ፤ ሁለቱ ደክመው ቀሩ፤ ኤድዋርድ ማርሻል የተባለው ግን በቀን ተኩል ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ከዚያም ድንበሩ ወደ ወንዙ ሲሠመር አሠማመሩ ለገዥዎቹ እንዲያደላ ተደረገ። በዚህ ዓይነት የሌናፔ ሕዝብ ወደ 4,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት አጣ፤ በኋላም እየተገፋ ወደ ምዕራብ ተሰደደ። ዛሬ ከልጅ ልጆቻቸው ብዙዎቹ የሚኖሩት በኦክላሆማና በካናዳ ነው።

እንግዲህ የዚህ አውራጃ ማኅበርተኞች መሬቱን የወረሱት ሰዎች ልጆች ናቸው። ቢሸፍኑት የሚጠይቃቸው አልነበረም። እነርሱ ግን በ1890 ዓ.ም. ጉዞው በተነሣበት በራይትስታውን የድንጋይ ሐውልት አቆሙ፤ በሐውልቱም ላይ ሌናፔዎች የዚህ አገር የጥንት ባለቤቶች መሆናቸውን አስቀረጹ። ሐውልት መሬት አይመልስም። በኦክላሆማ ያለው የደላዌር ሕዝብ በ2004 ዓ.ም. ከዚያ መሬት ጥቂቱን በፍርድ ቤት ጠይቆ ነበር፤ ይግባኙም በ2006 ዓ.ም. ውድቅ ሆነበት። ቢሆንም የተበደለው ሰው ስሙ በበዳዩ ልጅ እጅ በድንጋይ ላይ መጻፉ ትንሽ ነገር አይደለም። አባትን ማክበር ማለት ጥፋቱን መካድ ማለት እንዳልሆነ፣ ልጆቻችንን ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ከዚህ ድንጋይ ልንማር ይገባናል።

ከሚያስፈራውም ወሬ አንዱ የዶኣን ቤተ ሰብ ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጎን ቆመው የሸፈቱ ወንድማማቾችና ዘመዳሞች ናቸው። በ1781 ዓ.ም. በኒውታውን የነበረውን የአውራጃውን ግምጃ ቤት ዘረፉ፤ አለቃቸው ሞዝስ በ1783 ዓ.ም. ተገደለ፤ ሁለቱ በ1788 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ ተሰቀሉ። ቤተ ሰባቸው ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ስለ ነበረና ኩዌከሮች ጦርነትን ስለሚያወግዙ፣ ሁለቱ የተቀበሩት ከጸሎት ቤቱ መቃብር አጥር ውጭ ነው። ይህ በጽሑፍ የሚገኘው ነው። ሕዝቡ ደግሞ የዘረፉት ወርቅ በአንድ ዋሻ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቷል እያለ ሲያወራ ኖሯል። ሽፍታ ባለበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ወርቅ እንደማይጠፋ የእኛም አገር ሰው ያውቀዋል። ወርቁ ባይገኝም ወሬው ራሱ ቅርስ ነውና ሊጻፍ ይገባዋል፤ ነገር ግን ወሬ ተብሎ ይጻፍ።

በማግሥቱ የእኅታችን ልጅ በመኪና ወደ አውራጃው ሰሜን፣ ወደ ወንዙ አቅራቢያ ወሰደን። በዚያ በጫካ መካከል ዛፍ የማይበቅልበት፣ ትላልቅ ጥቁር ድንጋይ ብቻ የተነጠፈበት ሜዳ አለ። ሕፃኑ መዶሻ ይዞ ነበርና አንዱን ቢመታው ዝም አለ፤ ሌላውን ቢመታው እንደ ደወል ጮኸ። ሊቃውንት ድንጋዩ ከምድር ውስጥ ቀልጦ ወጥቶ የረጋ መሆኑን ይናገራሉ። በ1890 ዓ.ም. ኦት የተባለ ሰው ድምፃቸው የተለያየ ድንጋዮችን መርጦ፣ በአካባቢው በነበረ በሌላ የታሪክ ማኅበር ጉባኤ ላይ ከሙዚቀኞች ጋር ዜማ አሰምቶባቸዋል። እኛ ግን ድምፁን ስንሰማ ያሰብነው በጥንታውያን ገዳሞቻችን ደጅ የሚንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል ነው። ለሕፃኑም ይህን ነገርነው። እርሱም «እዚያ ያለውን እኔም መምታት እችላለሁ?» ቢለን፣ «የቤተ ክርስቲያኑን አገልጋይ ካስፈቀድህ» ብለን መለስንለት።

በመጨረሻ ስለ አንዲት ትንሽ ድንጋይ እንናገር፤ የዚህ ሁሉ ነገር ፈተና በእርስዋ ላይ ነውና። በ1872 ዓ.ም. አንድ ገበሬ በአውራጃው ውስጥ እርሻውን ሲያርስ የተቀረጸ ድንጋይ ስባሪ አገኘ፤ ከዓመታት በኋላ በ1881 ዓ.ም. ሁለተኛው ስባሪ ተገኘ ተባለ። ሁለቱ ሲገጠሙ ሰዎች ማሞት የሚባለውን ጠጉራም ዝሆን ሲወጉ ያሳያሉ። ማሞት ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት የጠፋ አውሬ ስለ ሆነ፣ ድንጋዩ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ታላቅ ነገር በሆነ ነበር። ወጣቱ መርሰር በ1885 ዓ.ም. ስለዚህ ድንጋይ መጽሐፍ ጻፈ። ሊቃውንት ግን መረመሩትና አብዛኞቹ በኋላ ዘመን ሰው የተቀረጸ ሐሰተኛ ነው አሉ። ማኅበሩ ድንጋዩን አልጣለውም፤ እውነተኛ ነው ብሎም አላስመለከውም። ሐሰትም ቢሆን፣ ሰዎች በዚያ ዘመን ስለ ጥንቱ ምን ማመን ይወዱ እንደ ነበር ይመሰክራልና ከነክርክሩ ይጠብቀዋል።

እኛ በባክስ አውራጃ ካየነው ሁሉ ለቤት የሚሆነውን ስንመርጥ ይህን ሥርዓት መረጥን። የተጻፈው እንደ ተጻፈ፣ የተወራው እንደ ተወራ፣ የተጠረጠረው እንደ ተጠረጠረ፣ እያንዳንዱ በስሙ ይቀመጥ። ለሰፈራችን ክብር ብለን ወሬውን ታሪክ ካደረግነው፣ ነገ ልጆቻችን ሐሰቱን ሲያገኙ እውነቱንም አብረው ይጥሉታል። ወሬ ነው ብለን ከናቅነው ደግሞ ሽማግሌው ሲያርፍ ዳግመኛ ከማይገኝበት ይገባል።

ይህን ለመጀመር የአርማታ ግንብ አያስፈልግም። በየቤታችን ቆጥ ላይ፣ በዕቃ ቤት ጥግ፣ ከአልጋ በታች አንድ ነገር አይጠፋም፤ የአያት መዳመጫ፣ የአጎት ልጓም፣ የተሰነጠቀ ሙቀጫ፣ ከገጠር የመጣ አገልግል። ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት እናት ወይም አባት አንዱን ያውርዱትና ልጆቹን ሰብስበው አራት ነገር ያስጽፉ፤ ስሙ ማን ይባላል፣ ማን ሠራው፣ ምን ይሠራበት ነበር፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ መጣ። የሠሪው ስም ካልታወቀ የመንደሩ ስም ይጻፍ። የተለያየ ወሬ ካለ ሁለቱም ይጻፉ፤ የተናጋሪዎቹም ስም ከጎኑ ይኑር። በባዕድ አገር ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይህ ሥራ የበለጠ ይቸኩላል፤ በዚያ ዕቃው ራሱ የለምና ቃሉ ብቻ ነው የቀረው። እነርሱም ከአገር ቤት እናታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ከጤና ጥያቄ በኋላ ስለ አንድ ዕቃ ይጠይቁ።

ማኅበር ያላቸው ደግሞ ጽዋው በሚዞርበት ዕለት ከማኅበርተኛው አንዱ በተራው የአንድ ዕቃ ወይም የአንድ ቦታ ታሪክ ጽፎ እንዲያነብ ቢያደርጉ፣ በዓመት ዐሥራ ሁለት ጽሑፍ ይኖራቸዋል። በዐሥር ዓመት መቶ ሃያ ይሆናል። ያን ያህል የተጻፈለት ሰፈር በእኛ አገር ስንት እንደ ሆነ አንባብያን ራሳቸው ይቍጠሩ።